ቲማቲሙ ሲጠማው ድምፅ ያወጣል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ውሎዬ ከቲማቲሞቼ ጋር ነው። ቅጠላቸው ጠውልጎ ሳይ፣ ምነው ቀድሜ ባወቅኩ እያልኩ እቆጫለሁ። ለካ ሳይጠወልጉም ድምፅ ያወጣሉ! የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳሳተሙት፣ ውሃ የጠማው ቲማቲም በሰዓት ከ30 እስከ 50 ጊዜ ቀጭ ቀጭ ይላል። ደህናው አንዴ እንኳ አይሞላም። ድምፁ በጣም ቀጭን ስለሆነ የእኛ ጆሮ አይዘውም። ምንጩ በውሃ መተላለፊያው ውስጥ የሚፈነዳ የአየር አረፋ ሳይሆን አይቀርም።

የእሳት ራት ግን ትሰማዋለች። በ2025 በወጣው ጥናት፣ እንቁላሏን የምትጥለው ድምፅ ከሚሰማበት ይልቅ ዝም ያለው ቲማቲም ላይ ነው። ይኼ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

እባካችሁ፣ ስለዚህ ምርምር ሰፋ አድርጋችሁ ጻፉልን። ውሃ ቆጥቦ ለሚያጠጣ ገበሬ ትልቅ ወሬ ነው።

አንባቢያችሁ