ዳሰነች ላሉ ተማሪዎች ስለምናደርገው ድጋፍ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም
ድሬዳዋ

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ በቅድሚያ ሰላምታዬ ከነቤተሰባችሁ ይድረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በደቡብ ኦሞ፣ በዳሰነች ወረዳ፣ የኦሞ ወንዝና የቱርካና ሐይቅ ውሃ ከቀያቸው ስላፈናቀላቸው ወገኖቻችን ነው። በተለይ ደግሞ መማሪያ ክፍላቸው በውሃ ስለተዋጠባቸው ልጆች። ዜናውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ልጆቻችሁም ሰምተዋል። የሚኒ ሚዲያ ክበባችን አባላት ጠዋት በሰልፍ ላይ ካነበቡት ወዲህ ቢሮዬ ድረስ መጥተው «እኛስ ምን እናድርግ?» ያሉኝ ተማሪዎች አሉ። ልጅ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ብቻዬን ልሰጥ አልፈለግሁም፤ ቤተሰቡ አብሮ ሊመልሰው ይገባል።

ጎርፍ ምን እንደሆነ ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከእናንተ መካከል ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም ሌሊት በከተማችን መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ገና በልጅነት ዕድሜ የነበራችሁ ትኖራላችሁ። ቀን ቀን ገበያ የሚዘረጋበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ያ ደረቅ አሸዋ በላይ ከደጋው በዘነበ ዝናብ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ገደለብን። ቤትና ንብረት ጠረገ። የተረፉት በትምህርት ቤት ግቢና በድንኳን ተጠለሉ፣ አገሪቱም ከዳር እስከ ዳር ደረሰችልን። እህል መጣ፣ ልብስ መጣ፣ ገንዘብ ተዋጣ። በውጭ የሚኖሩ ልጆቻችንም አልቀሩም። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ደግሞ እድሩና እንደ እድር ያለው አፎሻው ሟቹ የማን ነው ሳይል ቀበረ፣ ሐዘንተኛውን አጽናና።

በዚያው ነሐሴ፣ ገና የእኛ ሐዘን ሳይነሣ፣ ኦሞ ወንዝ በዳሰነች ሞልቶ ወጣ። በዚያ ጎርፍ 364 ሰዎች መሞታቸው በወቅቱ ተነግሯል። ከእኛ ሟቾች ይበልጣሉ። የቀንድ ከብቱም በሺዎች አለቀ። ሆኖም ስለ 1998ቱ ጎርፍ ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ድሬዳዋን ነው። እኛ ከተማ ነን፤ መንገድ አለን፣ ባቡር አለን፣ ጋዜጠኛ በአንድ ቀን ይደርስልናል። እነሱ ያሉት ከአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከኬንያ ድንበር ላይ ነው። ዛሬ ስለ እነሱ ስጽፍላችሁ ይህ ጉዳይ ከልቤ አይወጣም። በአንድ ክረምት የተመታን ሁለት ሕዝቦች ሆነን ሳለ የአገሩ ዓይን በብዛት ያረፈው በእኛ ላይ ነበር።

አሁን ዳሰነች ላይ የደረሰው ግን ከደቻቱ ጎርፍ የተለየ ነው፤ ልዩነቱን መረዳት ደግሞ የምንሰጠውን እርዳታ ይለውጠዋልና ጥቂት ልቆይበት።

የደቻቱ ውሃ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ በሰዓታት ውስጥ ሄደ። ጥሎብን የሄደው ጭቃና ሐዘን ቢሆንም መሬቱ ተመልሶልናል። የቱርካና ሐይቅ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ኬንያ ውስጥ ሲሆን ሰሜናዊ ጫፉ ወደ እኛ ይገባል፤ ውሃውን በአብዛኛው የሚያገኘው ደግሞ ከእኛው ደጋ ከሚወርደው ከኦሞ ነው። የገባው ውሃ ፀሐይ ካላተነነችው በቀር የሚሄድበት የለም። ባለፉት ዓመታት በተፋሰሱ ላይ የወረደው ዝናብ በመብዛቱ ሐይቁ እየሰፋ መጥቷል። ሐይቁ ከፍ ሲል ወንዙም ወደ ሐይቁ መግባት ያቅተውና በዙሪያው ባለው ሜዳ ላይ ይተኛል። አገሩ ዝርግ በመሆኑ ጥቂት ከፍታ ብዙ መሬት ይወስዳል። መንደሮች፣ የግጦሽ መሬት፣ ጤና ኬላዎችና ትምህርት ቤቶች በዚህ ዓይነት ውሃ ውስጥ ቀርተዋል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል፤ የወረዳዋን ከተማ ኦሞራቴን ራሷን ለማትረፍ የአፈር ግድብ መሥራት ግድ ሆኗል።

የዳሰነች ሰው ጎርፍን የሚፈራ ሕዝብ አልነበረም፤ ይልቁንም ይጠብቀው ነበር። ኦሞ በየዓመቱ ሞልቶ ደለሉን አንጥፎ ሲመለስ፣ በዚያ እርጥብ መሬት ላይ ማሽላና በቆሎ ይዘራ ነበር። ዝናብ እምብዛም በማይዘንብበት ቆላ የሚበላውን የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነበር። ከብቱም ውሃው በሸሸበት ላይ በበቀለው ሣር ይኖር ነበር። እንግዲህ ውሃው መጥቶ የማይመለስ ሲሆን የጠፋው ቤት ብቻ አይደለም። እርሻውም፣ ግጦሹም፣ የዓመቱ አቆጣጠርም አብሮ ጠፋ። ልጆቻችሁ «ዓሣ አያጠምዱም ወይ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ያጠምዳሉ። ነገር ግን ከብት አርቢ የሆነ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ዓመት ጀልባና መረብ ይዞ ዓሣ አስጋሪ አይሆንም፤ ውሃውም አዞ የበዛበት ነው።

የሐይቁ ውሃ ጨዋማ በመሆኑ እናቶች በውሃ ተከበው የሚጠጣ ውሃ ይቸገራሉ። በተኛ ውሃ ዙሪያ ደግሞ ወባ አለ። ወባን እኛም እናውቃታለንና ይህን አላስረዝመውም።

ከዚህ በመነሣት፣ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረታችን (ወተመህ) ጋር ተወያይተን የደረስንበትን ላካፍላችሁ።

እርዳታችን የአንድ ቀን እንዳይሆን ወስነናል። ሐዘን ትኩስ ሳለ ሁሉም ይሰጣል፤ ውሃው ግን ዜናው ከቴሌቪዥን ከወረደም በኋላ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ በየወሩ መጀመሪያ ቤተሰብ የቻለውን የሚያዋጣበት አሠራር እንጀምራለን። መጠን አልወሰንንም። አንድ ወር ያልቻለ ወላጅ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም።

አሮጌ ልብስና ጫማ አንሰበስብም። በዚህ ላይ በስብሰባው ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ልብስ መስጠት የለመድነውና ከልብ የሚመጣ ደግነት ስለሆነ የተከራከሩትን ወላጆች እረዳቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ከድሬዳዋ እስከ ኦሞራቴ አገር አቋርጦ ለሚጫን የልብስ ጆንያ የሚከፈለው የመኪና ኪራይ ከልብሱ ዋጋ ይበልጣል። ብርድ ልብስም ለዚያ ቆላ አይሆንም። ገንዘቡ ለቦታው ቅርብ ከሆኑት ከጂንካና ከአርባ ምንጭ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ አጎበር፣ የውሃ ማከሚያና ለታዳጊ ሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ ሲገዛበት ቶሎ ይደርሳል፤ የዚያ አካባቢ ነጋዴም ይጠቀማል። የንጽሕና መጠበቂያው በተለይ እንዲካተት የጠየቁት የሥርዓተ ፆታ ክበብ ተማሪዎቻችን ናቸው፤ ትክክል ናቸው። ትምህርት በድንኳን ሲሆን ቀድማ የምትቀረው ልጅ ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን።

ገንዘቡን የሚይዘው ከወተመህ የተመረጡ ሦስት ወላጆችና አንዲት መምህርት ያሉበት ኮሚቴ ነው። እያንዳንዱ ብር በደረሰኝ ይገባል፣ የወሩ ሒሳብም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የሚላከው ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግረን በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ በኩል እንዲሆን አስበናል። በማኅበራዊ ሚዲያ በግለሰብ ስም ለሚዞሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥሮች እባካችሁ ገንዘብ አትላኩ።

በክፍልና በክፍል መካከል የመዋጮ ውድድር አይኖርም። የሰጠ ተማሪ ስም በሰልፍ ላይ አይጠራም፤ ያልሰጠም አይጠየቅም። እዚህ ግቢ ውስጥ ምሳ ሳይዙ የሚመጡ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ። ለዳሰነች ልጅ አዝነን የራሳችንን ልጅ ማሳፈር የለብንም። እንዲህ ያለ ነገር ከመምህራን ወገን ካያችሁ በቀጥታ ለእኔ ንገሩኝ።

አንድ ነገር ከእናንተ ከቤት እንፈልጋለን። የደቡብ ኦሞ ሕዝቦች በፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ የሚታዩት ለጎብኚ በሚመች መልክ ነው፤ ልጆቻችንም አንዳንዴ እንደ ትርዒት ያዩአቸዋል። በኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ካርታውን ዘርግተን፣ ኦሞ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ፣ ዳሰነች እንዴት እንደሚያርስና ከብት እንደሚያረባ እያስተማርን ነው። እናንተ ደግሞ ማታ የ1998ቱን ሌሊት ንገሯቸው። ማን በር እንደከፈተላችሁ፣ ማን እንዳበላችሁ፣ ማን እንደቀበረላችሁ ይስሙ። ዘመድ የሞተባችሁና ማውራት የሚከብዳችሁ ብትኖሩ ግን ይህን ማድረግ ግዴታችሁ አይደለም። ልጃችሁ ከጎርፍ ወሬ የተነሣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ደመና ሲያይ ከፈራ ለክፍል ኃላፊው መምህር አሳውቁ።

ተማሪዎች ለዳሰነች ልጆች ደብዳቤ መጻፍ ጀምረዋል። ደብዳቤዎቹ ከመጀመሪያው ዙር ጋር ይሄዳሉ፤ ቋንቋቸው ሌላ ስለሆነ እዚያ ያሉ መምህራን እንዲያነቡላቸው እንጠይቃለን። ሥዕል የሚጨምርም እንዲጨምር ፈቅደናል። «አይዟችሁ» የሚለው ቃል በሁሉም ውስጥ አለ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛም የጻፉ አሉ።

ስለዚህ ጉዳይ የምንነጋገርበትን ስብሰባ መጀመሪያ ለኅዳር 21 አስበን ነበር። ዕለቱ የጽዮን ማርያም በዓል ስለሆነ ወደ ቅዳሜ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም ከጠዋቱ 3 ሰዓት አዛውረነዋል። ቦታው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። መገኘት የማይችል ወላጅ ሐሳቡን በጽሑፍ በልጁ እጅ ይላክልን፤ ወይም ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ10 ሰዓት በኋላ ቢሮዬ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት