ከሃያ ፍቺ አምስት ዐረፍተ ነገር ይሻላል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በእንግሊዝኛ መማሪያ ዓምዳችሁ አንድ ግሥ ትመርጡና ከእሱ የሚመሠረቱትን ፍሬዛል ቨርቦች (ግሥ ከትንሽ ተከታይ ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ትርጉም የሚይዝባቸውን) ሃያ ያህል ደርድራችሁ ከየጎናቸው አንዳንድ የአማርኛ ፍቺ ታስቀምጣላችሁ። ዓምዱ መኖሩ የሚያስመሰግን ነው። አቀራረቡ ግን ተማሪውን ብዙ አድክሞ ጥቂት የሚያስጨብጥ ስለሆነ ቢለወጥ ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

መጀመሪያ ድርደራው። «ጌት ኦን»፣ «ጌት ኦፍ»፣ «ጌት ኦቨር»፣ «ጌት ባይ» በአንድ ቀን አብረው ሲጠኑ ግሡ ያው አንዱ ነው፤ የሚለያቸው ከኋላ የምትመጣው ትንሽ ቃል ብቻ ናት። ተማሪው በማግስቱ «ጌት» የሚል ነገር እንዳለበት ያስታውሳል። ከሕመም ማገገም የትኛው፣ ከአውቶቡስ መውረድ የትኛው እንደነበር ግን ይምታታበታል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የሚመሳሰሉ ነገሮች አንድ ላይ ሲጠኑ አንዱ ሌላውን ያደበዝዛል። በግሥ ሳይሆን በጉዳይ ቢመደቡ ይሻላል። የስልክ ንግግርን እንውሰድ፦ ስልክ ማንሳት «ፒክ አፕ»፣ መዝጋት «ሃንግ አፕ»፣ መልሶ መደወል «ኮል ባክ»፣ መስመሩ ሲቋረጥ ደግሞ «ከት ኦፍ»። ግሦቻቸው ይለያያሉ፣ በአንድ ጭውውት ውስጥም ተከታትለው ይመጣሉ፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን ያስታውሳል።

ሁለተኛው አንድ ፍቺ ብቻ መስጠቱ ነው። «ቴክ ኦፍ» ከሚለው ጎን «መነሣት» ብላችሁ ብታልፉ ስለ አውሮፕላኑ ልክ ናችሁ፤ «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ» የሚለውን ያነበበ ሰው ግን ጫማ ማውለቅ መሆኑን ከየት ያገኘዋል? «ፒክ አፕ»ም እንዲሁ ስልክ ማንሳት ብቻ አይደለም፤ ሰውን በመኪና ሄዶ መውሰድም፣ ቋንቋን ክፍል ሳይገቡ ከሰው ሰምቶ መልመድም ነው። የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ዲ ጋርድነርና ማርክ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት 100 ሚሊዮን ቃላት የያዘውን የብሪታኒያ ብሔራዊ ኮርፐስ (ለቋንቋ ጥናት የተሰበሰበ የጽሑፍና የንግግር ክምችት) መርምረው፣ 20 ግሦች ከ8 ተከታይ ቃላት ጋር እየተጣመሩ በውስጡ ካሉት ፍሬዛል ቨርቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን እንደሚሸፍኑ አሳይተዋል። ይህ ለተማሪ የምሥራች ነው። ነገር ግን በብዛት የሚያገለግሉት 100ዎቹ በድምሩ 559 ትርጉም እንዳላቸውም ቆጥረዋል። ሜሎዲ ጋርኒየርና ኖርበርት ሽሚት እ.ኤ.አ. በ2015 የ150 ፍሬዛል ቨርቦች ዝርዝር ሲያወጡ ከየአንዳንዱ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመውን ትርጉም ብቻ አስቀሩ፤ ለአንዱ የሚደርሰው አማካይ ወደ 2 ወረደ። እንግዲህ መጠናት ያለበት ይህ ነው፤ አንድ ጥምረት ከዋና ዋና ትርጉሞቹ ጋር፣ እያንዳንዱ ትርጉም በራሱ ዐረፍተ ነገር።

ከሁሉ በላይ ከዓምዳችሁ የጎደለው ግን የተሳቢው ቦታ ነው። ትርጉሙን በቃሉ የያዘ ተማሪ አፉን ሲከፍት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ልዘርዝረው። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ይባላል፣ «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ይባላል። መብራቱ በተውላጠ ስም ሲተካ ግን ምርጫ የለም፤ «ተርን ኢት ኦፍ» ብቻ ነው። «ተርን ኦፍ ኢት» ማለት ስሕተት ነው። መንከባከብ የሚለው «ሉክ አፍተር» ደግሞ በተቃራኒው መሐሉ አይከፈልም፤ «ሉክ አፍተር ኸር» እንጂ «ሉክ ኸር አፍተር» የለም። ባለ ሦስት ቃሎቹም፣ ለምሳሌ መታገሥ የሚለው «ፑት አፕ ዊዝ»፣ አብዛኛውን ጊዜ ተሳቢውን የሚቀበሉት ከመጨረሻቸው ነው። ስለዚህ አዲስ ጥምረት ሲያጋጥም የመጀመሪያው ፈተና «ኢት» የት ይገባል ብሎ መጠየቅ ነው። ለተማሪ የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት የተሳቢውን ቦታ ከጥምረቱ ጋር ያሳያሉ፤ ብዙ ሰው ግን ትርጉሙን አንብቦ ይዘጋቸዋል። በማመልከቻ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው «ሉክ ፎርዋርድ ቱ»ም ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚያ ያለው «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ «ኢንግ» ይጨምራል፤ «ቱ ሚቲንግ ዩ» እንጂ «ቱ ሚት ዩ» አይደለም።

ድምፁም ይለያል። «ተርን ኢት ኦፍ» ሲባል ጫናው «ኦፍ» ላይ ያርፋል፤ «ሉክ አት ኢት» ሲባል «ሉክ» ላይ። መበላሸት የሚለው ግሥ «ብሬክ ዳውን» ጫናው ከኋላ ነው፤ ስም ሆኖ እንደ አንድ ቃል ሲጻፍ ግን ጫናው ወደ ፊት ይመጣል። ጽሑፍ ብቻ ያጠና ሰው ሲያዳምጥ የሚያመልጠው በዚህ ምክንያት ነውና ሁሌም ጮክ ብሎ ማጥናት ያስፈልጋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ የተለየ አደጋ ያለባቸውን ቦታዎችም ዓምዱ ቢያነሣቸው ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ የውጭ መጻሕፍት ይህን አይነግሩንም። «ጠብቀኝ» ስለምንል «ዌይት ሚ» እንላለን፤ ትክክሉ «ዌይት ፎር ሚ» ነው። ስለ ጉዳዩ ስለምንወያይ «ዲስከስ አባውት» እንላለን፤ «ዲስከስ» ግን ተሳቢውን ያለ መስተዋድድ ይወስዳል። ሬዲዮ ስለምንከፍት «ኦፕን ዘ ራዲዮ» ይቀናናል፤ «ተርን ኦን» መባል ነበረበት። ጊዜ ያልቅብናል፤ በአማርኛው የሚያልቀው ጊዜው ነው፣ በእንግሊዝኛው ግን ባለቤቱ ሰው ይሆናል፦ «ዊ ራን አውት ኦፍ ታይም»። «ለብሳለች» የሚለውን ደግሞ ብዙ ሰው በ«ፑት ኦን» ይተረጉመዋል፤ «ፑት ኦን» ልብሱን የማጥለቁ ድርጊት ብቻ ነው፣ ለብሶ መታየቱ «ዌር» ነው። በፈሊጥ በኩልም አማርኛው ወደ ሌላ ቦታ ይወስደናል። እኛ እጅ ስንሰጥ ተሸንፈናል፤ «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» ያለ ሰው ግን እርዱኝ ማለቱ ነው።

ተከታይ ቃላቱ የራሳቸው ትርጉም አላቸው የሚለው ትምህርት እስከ ተወሰነ ድረስ ይረዳል። «አፕ» በ«ኢት አፕ»፣ በ«ድሪንክ አፕ»፣ በ«ዩዝ አፕ» ውስጥ ሙጥጥ አድርጎ መጨረስን ያመለክታል። «ኦን» በ«ካሪ ኦን» እና በ«ኪፕ ኦን» ውስጥ መቀጠልን ያሳያል። ግን «ሜክ አፕ» ወሬ መፍጠር እንደሆነ፣ ከተጣሉት ጋር መታረቅም እንደሆነ ከ«አፕ» ተነሥቶ የሚገምት የለም። ፍንጭ ሲሆን እንጂ ሕግ ሲሆን ያሳስታል።

ስለ ኢዲየሞች (ፈሊጣዊ አነጋገሮች) አንድ ልመና አለኝ። ዶፍ ይዘንባል የሚለውን «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» የማያውቅ ተማሪ የለም፤ የቋንቋው ባለቤቶች በዕለት ንግግራቸው ግን እምብዛም አይሉትም። በአንጻሩ «ኢን ዘ ሎንግ ረን» (ውሎ አድሮ)፣ «ቴክ ፎር ግራንትድ» (እንደ ተራ ነገር ማየት)፣ «ኦን ዘ አዘር ሃንድ» (በሌላ በኩል)፣ «ሜክ ሴንስ» (ትርጉም መስጠት) በየገጹ ያጋጥማሉ። ቀልብ የሚስበውን ትታችሁ የሚያገለግለውን አስቀድሙ። ሞተ ለማለት «ኪክ ዘ በኬት» የሚለውን ስታስተምሩም ሐዘንተኛ ፊት የማይነገር መሆኑን ካልጻፋችሁ ተማሪውን ለነውር ትዳርጉታላችሁ። ቅርጹም አይነካም፤ በተገብሮ «ዘ በኬት ዋዝ ኪክድ» ከተባለ ፈሊጥነቱ ጠፍቶ እውነተኛ ባልዲ ይሆናል። ምሥጢር ማውጣት የሚለው «ስፒል ዘ ቢንስ» ግን በተገብሮም ይሄዳል። ይህ በአንድ ደንብ ስለማይገዛ ኢዲየምን እንደተሰማው ይዞ መናገር ነው የሚሻለው። ሰምቶ መረዳትና ራስ መናገርም ይለያሉ፤ አብዛኛውን ኢዲየም መረዳት ይበቃል።

ፍሬዛል ቨርብ ሁሉ የመንደር ቋንቋ ነው የሚለው አባባልም መታረም አለበት። እርግጥ በመደበኛ ደብዳቤ ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍን ለመግለጽ ከ«ፑት ኦፍ» ይልቅ «ፖስትፖን» ይመረጣል። ማከናወን የሚለው «ካሪ አውት» ግን በጥናታዊ ጽሑፍ ሳይቀር ያለ ነው።

አጠናኑን በተመለከተ በሳምንት አምስት ትርጉም ይበቃል። በአንድ ካርድ ፊት ለፊት ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተጽፎ ተከታይ ቃሉ ብቻ ባዶ ይተው፤ በጀርባው ቃሉ፣ ትርጉሙ፣ «ኢት» የሚገባበት ቦታና ለጓደኛ ወይስ ለመሥሪያ ቤት የሚሆን መሆኑ ይጻፍ። ግሡን ሳይሆን ተከታዩን ባዶ መተው የሚያስፈልገው የሚረሳው እሱ ስለሆነ ነው። ከዚያ በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ መለስ ብሎ ጮክ እያሉ መሙላት ነው። የተሳሳተው ካርድ እንደገና ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ዐረፍተ ነገሩን ተማሪው ከሚያነበው ጽሑፍ ቢገለብጠው ይመረጣል፤ ገና ያልለመደውን ጥምረት ራሱ ዐረፍተ ነገር ልሥራበት ሲል ብዙ ጊዜ ስሕተቱን ነው የሚያጠናው።

ስለዚህ በዚያው ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ ሃያውን አምስት አድርጓቸው። ለእያንዳንዱ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ስጡት፤ አንደኛው በተውላጠ ስም ይሁን። በሚቀጥለው ሳምንት አምስቱን ዐረፍተ ነገሮች ተከታይ ቃላቸውን አውጥታችሁ በባዶ ቦታ መልሳችሁ አትሟቸው፤ መልሱን ከገጹ ግርጌ ገልብጣችሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር