ከአዲስ አበባ የተደወለ 997 ጅዳ አይደርስም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በዓረብ አገር ስላሉ እህቶቻችን የሚወጡ ዘገባዎች አብዛኛውን ጊዜ «የሚመለከተው አካል ይድረስላቸው» ተብለው ያልቃሉ። የሚመለከተው አካል እኮ ስልክ ቁጥር አለው፤ አንባቢው የሚያጣው እሱን ነው። ሌሊት ከሪያድ ወይም ከቤይሩት የጭንቅ መልእክት ሲመጣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ደላላው ነው። ከዚያ ወደ ኤጀንሲው፣ ሲነጋ ደግሞ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። ደም ለሚፈሳት፣ በር ለተቆለፈባት ወይም ጭስ ላፈናት ልጅ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊደርስ የሚችለው ያለችበት ከተማ ፖሊስና አምቡላንስ ብቻ ነው።

ኤምባሲና ቆንስላ የሚጠቅሙት ከዚያ በኋላ ነው። ዜግነት ያረጋግጣሉ፣ ፓስፖርት ለሌለው ሊሴ ፓሴ (ጊዜያዊ የመጓጓዣ ሰነድ) ይሰጣሉ፣ የታሰረ ይጠይቃሉ፣ ከአሠሪ ጋር ይነጋገራሉ። የሰው ቤት በር ከፍተው መግባትም ሆነ የዚያን አገር ፖሊስ ማዘዝ አይችሉም። በዚያ ላይ በሳዑዲና በኩዌት ዓርብና ቅዳሜ የዕረፍት ቀን ናቸው። ሐሙስ ማታ የደረሰ አደጋ ኤምባሲ እስኪከፈት ቢጠብቅ እስከ እሑድ ይጠብቃል ማለት ነው።

ቁጥሮቹ እነሆ። በሳዑዲ ሪያድ፣ መካና ጅዳ፣ እንዲሁም በምሥራቁ ክፍል ደማምና ኾበር 911 ለሁሉም ያገለግላል። 911 ካልሠራ አምቡላንስ 997፣ እሳት አደጋ 998፣ ፖሊስ 999 ነው። በኤምሬትስ ፖሊሱ እዚያም 999 ሲሆን ሁለቱ ግን ይገለበጣሉ፤ አምቡላንስ 998፣ እሳት አደጋ 997። ከጅዳ ወደ ዱባይ የተዛወረች ልጅ በለመደችው ቁጥር አምቡላንስ ስትጠራ የሚያነሣላት እሳት አደጋ ነው። በሊባኖስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 140፣ ፖሊስ 112፣ ሲቪል መከላከያ (እሳት አደጋ) 125። ኩዌት ለሁሉም 112፣ ኳታርና ባሕሬን 999፣ ኦማን 9999፣ ዮርዳኖስ 911።

አሁን ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ላይ ደረስን። እነዚህ አጫጭር ቁጥሮች ድንበር አይሻገሩም። አዲስ አበባ ተቀምጦ 997 የሚደውል ሰው ሳዑዲ አይገባም፤ ፊቱ 00966 ቢጨምርበትም አይገባም። በ800 የሚጀምሩት ነጻ መስመሮችም ከውጭ ሲደወሉ ብዙ ጊዜ አይሠሩም። ስለዚህ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን አስቀድሞ መያዝ አለበት። አንደኛው የአገር ኮድ ያለው የከተማው ፖሊስ ሙሉ ቁጥር ነው። ሁለተኛውና በተግባር የሚቀለው፣ እዚያው ከተማ የሚኖር፣ ዓረብኛ የሚችል፣ ሌሊትም ስልክ የሚያነሣ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ቤቷ ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም። 911 ደውሎ አድራሻዋን መናገር ብቻ ይበቃዋል።

አድራሻው ነው እንግዲህ ችግሩ። ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ የምትኖርበትን ሰፈር ስም እንኳ ሳታውቅ ሁለት ዓመት ልትጨርስ ትችላለች። «ከትልቁ መስጊድ አጠገብ ነጭ ቤት» ለአምቡላንስ ሾፌር ምንም አይነግረውም፤ ሪያድ በሙሉ መስጊድና ነጭ ቤት ነው። መፍትሔው በሩ ላይ ተለጥፏል። በሳዑዲ ከግቢው በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ባለአራት አሐዝ የቤት ቁጥር ይገኛል። ብሔራዊ አድራሻ የሚሉት አጭር ኮድ ደግሞ አራት ፊደልና አራት አሐዝ ነው። በኳታር ሰማያዊው ሰሌዳ ላይ ዞን፣ መንገድና ሕንፃ በሦስት ቁጥር ተጽፈዋል። በዱባይ መካኒ የሚባል ባለአሥር አሐዝ ቁጥር አለ። በኩዌት አድራሻ የሚነገረው በሰፈር፣ በቂጥዓ (ብሎክ)፣ በመንገድና በቤት ቁጥር ነው። ልጅቱ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ቆሻሻ ለመጣል ስትወጣ ያንን ሰሌዳ በስልኳ አንሥታ ወደ ቤት ትላክ። ያን ቀን ለምን እንደሚጠቅም ላይገባት ይችላል፤ ግድ የለም፣ ብቻ ትላከው። ከዋትስአፕም የአሁኑን ቦታ አንድ ጊዜ ልካ ቤተሰብ ቢያስቀምጠው ጥሩ ነው። ቤት በቀየረች ቁጥር ግን እንደ አዲስ መላክ አለበት።

ቀጥሎ ስም። እናት «ወርቄ» ብላ የምትጠራትን ልጅ ሆስፒታሉ የሚያውቃት በፓስፖርቷ ስም ነው፤ ስሙም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት፣ በኢቃማው (በመኖሪያ ፈቃዷ) ላይ በዓረብኛ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። ስማቸውንና ዕድሜያቸውን አስቀይረው የሄዱም አሉ። በቤት ስም ሆስፒታል ለሆስፒታል የሚፈልግ ዘመድ «እንዲህ የምትባል የለችም» ተብሎ የሚመለሰው ልጅቱ እዚያው ተኝታ ሳለች ነው። የትውልድ ዘመንም እንዲሁ ያሳስታል። «1990 ነው የተወለደችው» ያለች እናት የምትናገረው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ፓስፖርቱ ላይ ያለው 1997 ወይም 1998 ነው። ሰዓትም አለ። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደወለች» ስትሉ ለውጭ ፖሊስ ከሌሊቱ 2 ብላችሁ ካልቀየራችሁለት የምርመራው መዝገብ ከመጀመሪያው ይበላሻል። ኤምሬትስና ኦማን ከኛ አንድ ሰዓት ስለሚቀድሙ እሱንም ጨምሩበት።

ስለዚህ ቤት ውስጥ አንድ ፖስታ ይኑር። የፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ፣ የኢቃማው ፊትና ጀርባ፣ የሥራ ውሉ፣ የከፊሉ (የአስመጪ አሠሪው) ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ቁጥር፣ የአገር ቤቱ ኤጀንሲና የዚያኛው አገር ቢሮ ስም ይግቡበት። የምትወስደው መድኃኒት ወይም የማይስማማት ነገር ካለም ይጻፍ። ፓስፖርቱን አሠሪው ይዞት ከሆነ፣ በብዛትም ይይዘዋል፣ ሊሴ ፓሴ ሲጠየቅ የዜግነት ማረጋገጫ የሚሆነው ይኸው ቅጂ ነው። ኤጀንሲው «እኛን አይመለከተንም» ካለ አትመኑ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለውሉ መጣስ ኤጀንሲውን ከአሠሪው ጋር በአንድነት ተጠያቂ ያደርገዋል። አቤቱታው የሚቀርበው ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው።

ስልኩ ራሱ ይከዳል። ብዙዎቹ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ በኢሞ ያወራሉ፤ ማዳም ራውተሩን ካጠፋችው ዓለም ተዘጋ ማለት ነው። ሒሳብ ባይኖረውም የዚያ አገር ሲም ስልኩ ውስጥ ይኑር፤ የአስቸኳይ ጥሪ ሒሳብ አይፈልግም። በኤምሬትስና በኳታር የዋትስአፕ ጥሪ አይሠራም፤ የድምፅ መልእክት ግን ያልፋል። ስለዚህ ስትደውሉላት አላነሣችም ማለት አንድ ነገር ሆናለች ማለት ላይሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ሳምንታት ድምፅዋ ከጠፋ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የጠፉ ዘመዶችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው፤ ክፍያ አይጠይቅም። «ታስራለች፣ ለማስፈታት ይህን ያህል በዚህ አካውንት አስገቡ» የሚል ስልክ ሲመጣ ግን የራሷን ድምፅ ሳትሰሙ ሳንቲም አታስገቡ።

ጥሪውን ስታደርግ ምን ትበል? ቋንቋው ባይሞላላትም አራት አምስት ቃል ይበቃታል። አምቡላንስ ኢስዓፍ፣ ፖሊስ ሹርጣ፣ ቃጠሎ ሐሪቅ፣ አድራሻ ዑንዋን ነው። በሩ ተቆልፎብኛል ለማለት «አል ባብ መቅፉል»። ደም በዓረብኛም ደም ነው። መጀመሪያ የሚነገረው ቦታው ነው፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ መኪናው ይነሣል። ብዙ ሰው ከታሪኩ ይጀምርና አድራሻው ላይ ሳይደርስ ስልኩ ይቋረጣል።

በር ተቆልፎባት በመስኮት ወይም በበረንዳ አንሶላ ቀጥላ ለመውረድ የሞከረች ልጅ ታሪክ ደጋግመን ሰምተናል፤ መጨረሻውም የአከርካሪና የዳሌ ስብራት ነው። አንሶላ ቋጠሮው ላይ ይፈታል፤ የበረንዳ ብረትም የሰው ክብደት ላይችል ይችላል። ቤቱ እስካልተቃጠለ ድረስ ፖሊስ ደውሎ ውስጥ መጠበቅ ይሻላል። ወጥታ ከሆነም በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ወደ ቆንስላ እንጂ ወደ ጓደኛ ክፍል አትሂድ። አሠሪው «ጠፍታለች» ብሎ ሁሩብ (የመጥፋት ክስ) ካስመዘገበባት የእሷ አቤቱታ ከእሱ ክስ በኋላ የመጣ ይሆናል። ሊሴ ፓሴ ብታገኝም የመውጫ ፈቃዱ ገና ሌላ ሥራ ነው። ከተያዘችም ሳታነብ አትፈርም፤ አስተርጓሚ እንዲመጣላትና ቆንስላዋ እንዲነገርለት ትጠይቅ።

በነገራችን ላይ፣ ክሎሮክስ (በረኪና) እና የመጸዳጃ ቤት አሲድ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በብርድ ወቅት ክፍል ዘግቶ ፍሕም ማንደድም ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል። በሁለቱም መጀመሪያ ወደ ውጭ መውጣት፣ ከዚያ መደወል።

አሜሪካ ያሉት ወገኖች ችግር ሌላ ነው። እዚያ 911 ተደውሎ «አምሃሪክ» ቢባል አስተርጓሚ በመስመር ይገባል፤ በመሃል ጸጥ ሲል ስልኩን መዝጋት አይገባም። ልጅ ለመጠየቅ የሄዱ ወላጆች ይህችን አንድ ቃል ቢይዙ ይበቃቸዋል። ከዋሽንግተን ሆኖ ሂውስተን ለታመመች እህቱ 911 የሚደውል ሰው የሚያገኘው የዋሽንግተንን 911 ነው፤ ስለዚህ የእሷን ከተማ ፖሊስ ባለአሥር አሐዝ ቁጥር መያዝ አለበት። ሒሳብ ፈርተው ከሆስፒታል ለሚቀሩትም በ1986 የወጣ ሕግ አለ። የድንገተኛ ክፍል መክፈል የማይችልን ሰው መርምሮ አደገኛ ሁኔታውን እንዲያረጋጋ ያስገድዳል። የሆስፒታሉ ሒሳብ በኋላ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣ ግን የክፍያ እርዳታ ማመልከቻ ጠይቆ መሙላት ይቻላል። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ይህ አሠራር እንዲኖራቸው ግዴታ አለባቸው።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 ነው። ሲም የሌለው ስልክ በአሜሪካ 911 ያስገባል፤ በእንግሊዝና በጀርመን ግን አስቸኳይ ጥሪ አያስገባም። እስራኤል ውስጥ አምቡላንስ 101፣ ፖሊስ 100፣ እሳት አደጋ 102 ነው።

ከጋዜጣው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ ስደት በምታወጡት ዘገባ ሁሉ ግርጌ ላይ የዚያን አገር አጫጭር ቁጥሮችና ከኢትዮጵያ የሚደወልበትን የኤምባሲውን ሙሉ ቁጥር ከአገር ኮዱ ጋር በትንሽ ሳጥን አውጡ። ከማተማችሁ በፊት ደውላችሁ ሞክሩት፤ የኤምባሲ ስልክ ይቀየራል፣ የማያነሣ ቁጥር ማውጣት ደግሞ ካለማውጣት ይብሳል። ሳጥኑ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስለሆነ በጀርባው ሌላ የሚፈለግ ጽሑፍ ባይኖር ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ