በረዶና በረዶ ይለያያል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ሐይቆች ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢው ሁሉ ስላየው ከላይ እስከ ታች አልደግመውም። እኔን ያንገበገበችኝ አንዲት አረፍተ ነገር ናት፣ «ዘንድሮ በረዶ በብዛት ስለጣለ ጥልቀት የሌላቸው ሐይቆች እስከ ወለላቸው ጠንክረው ይቀዘቅዛሉ፣ ይህም ለፐርማፍሮስቱ እፎይታ ይሰጠዋል» የምትለዋ። (ፐርማፍሮስት ማለት ዓመት ከዓመት ሳይቀልጥ ረግቶ የሚኖር መሬት ነው።) ምናልባት እኔ እሆናለሁ የተሳሳትኩት ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኳት። አልተሳሳትኩም። ነገሩ ተገልብጦ ነው የተጻፈው።

የምኖረው ኢኑቪክ ነው፣ ካናዳ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ፣ የማኬንዚ ዴልታ ዳር። ዘንድሮ ዘጠነኛ ዊንተሬ ነው። መጀመሪያ ታክሲ ነበር የምነዳው፣ ኋላ ላይ ሐይቅ የሚለኩ ተመራማሪዎች ሰው ሲፈልጉ ገባሁና እስካሁን ስራዬ እሱ ነው፣ ስኖውሞቢል፣ ማለት በረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር፣ እነዳለሁ፣ እቃ እሸከማለሁ፣ የሐይቁን በረዶ በመሰርሰሪያ በስቼ ውፍረቱን እለካለሁ። ዶክተር አይደለሁም። ግን እናንተ በአንድ መስመር የጨረሳችሁትን ነገር እኔ በየዓመቱ ስለካው ነው የምከርመው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በኛ ቋንቋ ከሰማይ እንደ ጥጥ የሚወርደውም በረዶ ነው፣ ከዝናብ ጋር ጣሪያ የሚደበድበውም በረዶ ነው፣ ውሃ ረግቶ ድንጋይ ሲሆንም በረዶ ነው። ጸሐፊያችሁ ሁሉንም አንድ አድርጎ በረዶ በዛ፣ ስለዚህ በረዶው ወፈረ ብሎ ደመደመ። እዚህ የምንኖረው ግን አማርኛ ስናወራም ከሰማይ የሚወርደውን ስኖው፣ ውሃ ረግቶ ድንጋይ የሆነውን አይስ ብለን ነው የምንለየው፣ ምክንያቱም ያልለየ ሰው ሊሞት ይችላል። ለማጋነን አይደለም፣ እመለስበታለሁ።

አይስ የሚወፍረው ውሃው ውስጥ ያለው ሙቀት ወደ ላይ እየወጣ ለቀዝቃዛው አየር ሲያመልጥ ነው። ስኖው ደሞ አየር የታጨቀበት ነገር ነው፣ ሐይቁ ላይ ሲቆለል ብርድ ልብስ አለበስከው ማለት ነው። ጃንዋሪ ላይ አንድ ሐይቅ ላይ ነበርን፣ ፀሐይ ከጠፋችበት ከተመለሰች ገና ጥቂት ቀኗ ነው፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 34፣ የዓይን ሽፋሽፍት ይጣበቃል። ሐይቁ መሀል ንፋሱ ጠርጎት አይሱ ጥቁር መስታወት መስሎ ይታያል፣ እዛ ጋ ስበሳ 76 ሴንቲሜትር። ከዛ ቁጥቋጦው ስኖውን ይዞ ወደ ከመረበት ዳር ሄድን፣ ስኖውን በአካፋ ጠርገን ስበሳው ገና ትከሻዬ ሳይደክም መሰርሰሪያው ዘጭ ብሎ ገባና ውሃው ፊቴ ድረስ ተረጨ። 41 ሴንቲሜትር! ያው ሐይቅ፣ ያው ቀን፣ ያው ብርድ። ልዩነቱ ስኖው ብቻ ነው። እና እናንተ ስኖው በዛ ስለዚህ ጠንክሮ ይቀዘቅዛል ስትሉኝ ምን ልበላችሁ?

ይሄ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ የሚል ካለ፣ እዚህ አገር ብዙዎቹ ሐይቆች ጥልቀታቸው ሁለት ሜትር አይሞላም። ስለዚህ የአይሱ ውፍረት በትንሽ ቀነሰ ጨመረ ሲባል ቀልድ አይደለም። አይሱ ወለሉን ከነካ ብርዱ በቀጥታ ወደ መሬቱ ይወርዳል፣ ከስር ያለው ፐርማፍሮስት እንደረጋ ይከርማል። ግን ከስር አንድ ስንዝር ውሃ እንኳን ከቀረ፣ ያ ውሃ ላዩ ላይ 34 ከዜሮ በታች ሲሆን እሱ ዜሮ አካባቢ ነው ያለው፣ ወለሉን እያሞቀ ይከርማል። እንዲህ እያለ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ከሐይቁ ስር ያለው መሬት ይለቃል፣ የለቀቀው እየሰፋ ወደታች ይሄዳል፣ በውስጡ አይስ የበዛበት መሬት ከሆነ ደሞ አይሱ ሲቀልጥ ወለሉ ራሱ ይሰምጣል። እፎይታ ያላችሁት ይሄንን ነው።

እኔ በአንድ ሐይቅ አይቼ አይደለም የማወራው። አላስካ ሰሜን ዳርቻ ባሮው አካባቢ፣ አሁን ኡትቂያግቪክ የምትባለው፣ በሳተላይት ራዳር ሲታይ እስከ ወለሉ የሚረጋው አይስ ከ1991 እስከ 2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ባለው ጊዜ 22 በመቶ ቀንሷል። (ራዳሩ ከስሩ ውሃ ያለውን አይስ ብሩህ፣ ወለል የነካውን ጨለማ አድርጎ ስለሚያሳይ መለየቱ ከባድ አይደለም፣ ለሚፈልግ ሰው ማለቴ ነው።) ከ2017 ወደ 2018 የተሻገረው ዊንተር ደሞ ሰሜን ምዕራብ አላስካ ላይ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱም እርጥቡም ነበር፣ ስኖው እንደ ጉድ ጣለ። በናንተ ሂሳብ ሐይቆቹ በደንብ መጠንከር ነበረባቸው አይደል? በ2018 እዛ አካባቢ 192 ሐይቆች በሙሉም በከፊልም ፈሰው ባዶ ቀሩ። ዳራቸውን ይዞ የነበረው የረጋ መሬት ለቀቀና ውሃው መውጫ አገኘ።

ስኖው ሲያንስ ጥሩ ነው እያልኩም አይደለም፣ እንዳትይዙኝ። እነዚህ ጥልቀት የሌላቸው ሐይቆች ብዙዎቹ ፀደይ ላይ በሚቀልጠው ስኖው ነው የሚሞሉት። እዚሁ ካናዳ ሃድሰን ቤይ ዳር ቸርችል አካባቢ በ2010 ስኖው አንሶ ስለነበር ቀልጦ የገባው ውሃ ትንሽ ሆነ፣ ሰመሩ ላይ ትናንሾቹ ሐይቆች ደርቀው ጭቃቸው ተሰነጣጠቀ። ኦልድ ክሮው ፍላትስ የሚባለው ካናዳ ዩኮን ውስጥ ያለው ከ2 ሺህ በላይ ሐይቅ ያለበት ሜዳ ላይ ደሞ በተቃራኒው፣ ዜልማ የሚባለው ሐይቅ በ2007 ጁን ከመጠን በላይ ውሃ ስለገባበት ሞልቶ ዳሩን ሸርሽሮ ፈሰሰ። ድርቅም ያደርቀዋል፣ ዝናብም ያፈሰዋል፣ ብዙ ስኖውም ከስሩ ያቀልጠዋል። እንዲህ የተወሳሰበ ነገር ነው፣ ለዚህም ነው ዘንድሮ እንዲህ ሆኗልና እፎይ በሉ የሚባል ነገር የሚያናድደኝ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ «ሰው የማይደርስበት ምድረ በዳ» ያላችሁት ነው። ያ ዘገባ ሲወጣ ወንድሜ ደውሎ «ሰው የሌለበት ነው እንዴ የምትኖረው? ለምን አልነገርከንም?» አለኝ፣ እናቴም ከጎኑ ሆና ሰምታለች። ኦልድ ክሮው የምትባለው መንደር የመኪና መንገድ የላትም እንጂ ሰው አላት፣ ቩንቱት ግዊቺን የሚባሉት ሕዝብ ናቸው፣ በ2019 ሜይ ላይ ራሳቸው የአየር ንብረት አስቸኳይ አዋጅ አውጀዋል። እዚህ ኢኑቪክም ግዊቺን አለ፣ ኢኑቪያሉት የሚባለው ሌላው የአገሬው ሕዝብም አለ፣ እኛም ሀበሾች ጥቂት ብንሆንም አለን። የጎረቤቴ አባት ግዊቺን ናቸው፣ እድሜ ልካቸውን መስክራት ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። መስክራት አይጥ የመሰለች ፀጉሯ ለኮት የሚፈለግ የውሃ እንስሳ ናት፣ ሐይቁ እስከ ወለሉ ከረጋ መክረም አትችልም፣ ስለዚህ እሳቸው አይሱ የትኛው ሐይቅ ላይ ወለል እንደሚነካ የማወቅ ግዴታ ነበረባቸው። ሐይቅ ላይ ሲወጡ በብረት ዘንግ እየወጉ ነው የሚራመዱት፣ ስኖው የከበደበት ቦታ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። ጸሐፊያችሁ አንድ ጊዜ ስልክ ቢደውልላቸው ያ አረፍተ ነገር አይጻፍም ነበር።

አሁን ስኖውና አይስ ያልለየ ሰው ሊሞት ይችላል ወዳልኩት ልመለስ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የኛ ልጅ ከደቡብ መጥቶ ገና ሁለተኛ ወሩ ነበር። ስኖው ክምር አይቶ በረዶው ወፍራም ነው ብሎ በስኖውሞቢል ገባበት። ስኖው ሲከብድ አይሱን ወደታች ይጫነዋል፣ ውሃው በስንጥቁ ወደላይ ይወጣና ከስኖው ስር ተደብቆ ይቀመጣል፣ ከላይ ስታየው ነጭና ደረቅ ነው። ልጁ እስከ ጭኑ ገባ። እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ ጫማው እግሩ ላይ ድንጋይ ሆኖ በቢላ ቀደን ነው ያወለቅንለት፣ ሁለት የእግር ጣቶቹን አጥቷል። እሱም ያሰበው ልክ እናንተ የጻፋችሁትን ነው። እና ወደዚህ ለመምጣት ፕሮሰስ የጀመሩ ስንት ልጆች የናንተን ገጽ ያነባሉ?

ዘገባው በወጣ ማግስት ኢሜይል ልኬላችሁ ነበር፣ እስከዛሬ መልስ የለም፣ አረፍተ ነገሯም እዛው ናት። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሰርዟትና በምትኳ ብዙ ስኖው አይሱን እንደሚያሳሳ፣ ከስሩ ያለውን መሬትም እንደሚያሞቅ ጻፉ፣ ምድረ በዳ ያላችሁትንም አስተካክሉ። ጸሐፊያችሁ መደወል ከፈለገ አንሳለሁ፣ የጎረቤቴንም አባት አገናኘዋለሁ፣ እስከ አፕሪል ድረስ ሐይቅ ላይ ነን።

አንባቢያችሁ፣ ከኢኑቪክ