ሳታስፈቅዱኝ ስለቆረጣችኋቸው ፎቶዎች የቀረበ ቅሬታ

ለ፦ ማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ
ጉዳዩ፦ ከትዕዛዝ ውጪ ተቆርጠው ስለታተሙ የሥራ ላይ ፎቶዎች

ጤና ይስጥልኝ።

ለኤግዚቢሽን የሚሆኑ ፎቶዎች እንድታትሙልኝ ፋይሎቼን አስረክቤያችሁ ነበር። ሁሉም ሰዎች ሥራቸው ላይ እያሉ የተነሱ ናቸው። ቀብድ ስከፍል "40 በ60 ሳንቲሜትር፣ ሙሉው ፎቶ፣ ምንም ሳይቆረጥ" ብዬ አስጽፌያለሁ፤ ደረሰኙ ላይ ይነበባል። የተረከብኩት ግን በሙሉ 40 በ50 ነው። አንዳንዱ ከጎኑ፣ አንዳንዱ ከላዩ ተቆርጧል። አንዱማ ጭራሽ ሌላ ፎቶ ሆኗል።

ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ በትህትና ነው ያነጋገረችኝ፤ እሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። የነገረችኝ ምክንያት ግን አልተዋጠልኝም። "ያለን ፍሬም 40 በ50 ነው። ደግሞ ፊታቸው ጎላ ብሎ እንዲታይ ብለን ነው" አለችኝ።

በሽሮ ሜዳው ሸማኔ ልጀምር። እኔ ባነሳሁት ፎቶ ላይ አባባ የሽመና ዕቃው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ መርገጫውን ይረግጣሉ። ድሩ ከፊታቸው ርቆ ተወጥሯል። ቀኝ እጃቸው መወርወሪያውን ሊለቅ ነው፣ ግራው ሊቀበል ተዘጋጅቷል። አቀርቅረዋል። ፊታቸው ከፎቶው ስፋት አንጻር ትንሽ ነው፤ ትንሽ ያደረግኩት ደግሞ አውቄ ነው። ከጎን ሆኜ ዝቅ ብዬ ያነሳሁት ድሩ ከታችኛው የግራ ጥግ ተነስቶ የተመልካቹን ዓይን እጃቸው ድረስ እንዲወስድልኝ ነው። ከእጃቸው ደግሞ ወደ ፊታቸው ይወጣል። የእናንተ ባለሙያ ባዶ ቦታ መስሎት የጣለው የፎቶው ግማሽ ክሩ የተወጠረበት ነው።

አሁን የቀረው ምንድን ነው? ከደረታቸው በላይ ያሉ፣ አንገታቸውን የደፉ አንድ አዛውንት። እጅ የለም፣ መወርወሪያ የለም፣ ድር የለም። ሰው ወደ ሥራው ሲያቀረቅርና ሲያዝን አንገቱ ያው ነው። ልዩነቱን የሚነግረን የሚያየው ነገር ነው። እሱን ስትቆርጡት ሥራ ላይ ያለው ሰውዬ ያዘነ ሰውዬ ይሆናል። ኤግዚቢሽን ላይ ብሰቅለው ሰው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ነው የሚያልፈው። እኚህ ሰው ግን ያን ቀን እየቀለዱ ነበር የሚሠሩት፤ ጥለቱን ስላሳጠሩበት የሙሽራ ቀሚስ ሲያወሩኝ ነበር።

አንድ ኮፒ እሰጥዎታለሁ ብዬ ቃል ስለገባሁላቸው ህትመቱን አሳየኋቸው። ትንሽ አዩትና "ጉርድ ፎቶማ አለኝ እኮ ልጄ" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

የጥራቱም ነገር አለ። ፋይሉ 6000 በ4000 ፒክስል ነው። ሙሉው በ60 ሳንቲሜትር ቢታተም በኢንች 254 ፒክስል ይደርሰዋል፤ ለግድግዳ ፎቶ ጥሩ ነው። ባለሙያችሁ ግን ከመካከሉ 1600 በ2000 ብቻ ቆርጦ ወስዶ 50 ሳንቲሜትር ላይ ለጠጠው። በኢንች ወደ 100 ወረደ ማለት ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ፂማቸው ጭቃ መስሏል። ይህን እንኳን ማንም አስተውሎ ደውሎ አልጠየቀኝም።

የቡና ለቃሚዎቹም ፎቶ እንዲሁ ነው። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው እንከን ያለውን ፍሬ በእጃቸው ያወጣሉ። የፎቶው ሐሳብ ረድፉ ነው፤ የሚደጋገመው እጅ፣ እስከ መጋዘኑ ጥግ ድረስ። ከጫፍ ያሉትን ሁለት ሴቶች አውጥታችሁ ፈገግ ያለችዋን ወጣት መሀል አስገባችኋት። ቆንጆ ናት፣ አልክድም። እኔ ግን የቁንጅና ውድድር አላነሳሁም።

የመርካቶው የምናለሽ ተራ ፎቶ ደግሞ ቁመቱ ላይ 10 ሳንቲሜትር ከላይ አጥቷል። በርሜል የሚቀጠቅጠው ልጅ ክንዱ ወደ ላይ ተነስቷል፤ መዶሻው ግን የለም። አንጓው ላይ ነው የተቆረጠው። ታክሲ የሚያስቆም ነው የሚመስለው። ሰውን መቁረጥ የግድ ከሆነ እንኳን መገጣጠሚያ ላይ አይቆረጥም፤ ይህንን የሠርግ ፎቶ አንሺ ሁሉ ያውቀዋል።

መቁረጥ በጠቅላላው ነውር ነው እያልኩ አይደለም። እኔም እቆርጣለሁ። ፎቶ መቁረጥን አጥብቆ ይቃወም የነበረው ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ሄንሪ ካርቲየ ብሬሶን ራሱ በ1932 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ያነሳውን፣ ውሃ ላይ የሚዘለውን ሰውዬ ፎቶ ቆርጦታል። ግን የቆረጠው እሱ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ፍሬም ስላለቀበት አይደለም። የጀርመኑ ፎቶ አንሺ አውጉስት ዛንደር በ1928 እ.ኤ.አ. ያነሳውን ኬክ ጋጋሪም እዩት። ሰውየው ከነጫማው፣ ጎድጓዳውን ዕቃ ይዞ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ቆሟል። ፊቱን ብቻ ብታስቀሩት ዳኛ ነው ቢባልም ሰው ያምናል። ባለሙያነቱ የሚታወቀው በያዘው ዕቃና በቆመበት ቦታ ነው።

ሕጉንም ላስታውሳችሁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪው፣ ማለትም ሥራውን የፈጠረው ሰው፣ ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ መልኩ ሥራው ሲዛባና ሲቆራረጥ የመቃወም መብት ይሰጠዋል። ፍርድ ቤት የመሄድ ሐሳብ የለኝም፤ ጊዜውም ገንዘቡም የለኝም። መብቱ እንዳለ ግን ማወቃችሁ ጥሩ ነው።

የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። ፎቶዎቹን ከዋናው ፋይል፣ በ40 በ60፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ድጋሚ አትሙልኝ። ፍሬሙ ካልገጠመ ፎቶውን አሳንሳችሁ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ተዉለት፤ ፎቶው ሙሉ እስከሆነ ድረስ ግድ የለኝም። ለሸማኔው አባባም አንድ ኮፒ ጨምሩ፤ የእሱን ሒሳብ እኔ እከፍላለሁ። ማሽኑ በራሱ እየቆረጠ ከሆነ ያንን አጥፉት፤ ሰው ከሆነ ደግሞ ከመቁረጡ በፊት ለደንበኛው ይደውል። ስልኬ ደረሰኙ ላይ አለ።

ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ጥቂት ነው የቀረው። ህትመቱ ከመክፈቻው አንድ ሳምንት በፊት ካልደረሰኝ ሌላ ቦታ ስለማሳትም የከፈልኩትን በሙሉ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። የተቆረጡትን ፎቶዎች ይዤ እመጣለሁ፤ ከዋናዎቹ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠን ብናያቸው ደስ ይለኛል፣ በተለይ ባለሙያችሁ ባለበት።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ