የጥድ ቅጠል ሲመረመር የትኛው ቅጠል እንደሆነ ይነገረን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሐበሻ ጥድን፣ የፈረንጅ ጥድን፣ ፓቱላን (ባለ መርፌ ቅጠሉን ዛፍ) እና ዝግባን እያወዳደሩ «ይኼኛው አፈሩን ይመጥጣል፣ ያኛው ይመልሳል» የሚሉ ጽሑፎች አልፎ አልፎ ይወጣሉ። ክርክሩ ደግ ነው። ነገር ግን ዛፉ የያዘው የንጥረ ነገር መቶኛ ሲጠቀስ ከየትኛው የዛፉ ክፍል፣ በስንት ዕድሜው፣ በየትኛው ወቅት እንደተወሰደ አይነገርም። ያለዚያ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሺየም ካረጀው ቅጠል እየወጡ ወደ ለጋው ይሄዳሉ። ካልሲየም ግን አንዴ ከገባ ስለማይወጣ ቅጠሉ ባረጀ ቁጥር ይጠራቀማል። ከአንዱ ዝርያ ለጋ፣ ከሌላው አሮጌ ወስዶ ያወዳደረ ሰው የለካው ዕድሜን ነው። የረገፈውን ለቅሞ መመርመርማ ይብሳል፤ ዛፉ ቅጠሉን ከመጣሉ በፊት የናይትሮጅኑን ግማሽ ገደማ መልሶ ይወስደዋል።

ሙኔሳ ሻሸመኔን በመሰለ፣ ዝርያዎቹ ተጎራብተው በሚገኙበት ደን፣ ከየዝርያው ቢያንስ አምስት ጤነኛ ዛፎች ይመረጡ፤ አፈራቸውና ዕድሜያቸው ይቀራረብ። ናሙናው ክረምቱ አልፎ ቡቃያው ሲጠነክር፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ፀሐይ ከሚያገኘው የላይኛው ሲሶ ይወሰድ። ፓቱላ አያስቸግርም፤ ረዣዥም መርፌዎቹ ባብዛኛው ሦስት ሦስት ሆነው ስለሚወጡ በእጅ ይነጫሉ። ፈተናው ሁለቱ ጥዶች ላይ ነው። ጥቃቅን ቅጠላቸው ከቀንበጡ ጋር ተጣብቆ ስለሚያድግ አረንጓዴው ጫፍ ብቻ ተቆርጦ ቡናማው መጣል አለበት። ቡናማው እንጨት ስለሆነ ከተቀላቀለ ናይትሮጅኑን ያሳንሰዋል፤ ብዙ ጊዜ የሐበሻ ጥድ «ደካማ» የሚባለውም በዚህ ይመስለናል። ከሴቴዋ የሐበሻ ጥድ ላይ ፍሬው ተለቅሞ ይውጣ።

ናሙና በፌስታል አይታሰር፣ ይሻግታል፤ የወረቀት ከረጢት ይሻላል። አቧራ ካለበት በተጣራ ውሃ ለቅለቅ ተደርጎ ወዲያው ይውጣ፤ ዘፍዝፎ መተው ፖታሺየሙን አጥቦ ይወስዳል። ከዚያ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ48 ሰዓት ያህል፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይድረቅ። ውጤቱ በደረቅ ክብደት ካልተጻፈ አንባቢ ይሳሳታል፦ 60 በመቶው ውሃ የሆነ እርጥብ ቅጠል 0.6 በመቶ ናይትሮጅን ካሳየ፣ በደረቁ ሲሰላ 1.5 በመቶ ነው።

ይህ ሁሉ ተጠብቆም ዝርያዎቹ ይለያያሉ። በጥቅሉ የጥዶቹ ቅጠል ከፓቱላ የበለጠ ካልሲየም ይይዛል። የሚገርመው ግን በአንዱ ዛፍ ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ይሰፋል። ቅጠሉ 1.5፣ የግንዱ እንጨት 0.1 በመቶ ናይትሮጅን ቢኖራቸው፣ 100 ኪሎ ደረቅ ቅጠል የ1,500 ኪሎ እንጨት ያህል ናይትሮጅን ይዞ ይሄዳል። እና ግንዱ ለመጋዝ ከሄደ በኋላ ቅርንጫፉ ከነቅጠሉ ለማገዶ ሲጠረግ፣ አፈሩን ያራቆተው ዝርያው ነው ማለት አያስኬድም። ማገዶው መሄዱ ካልቀረ ቅጠሉ እዚያው ይራገፍ።

የደን ባለሙያዎች