ከታችኛው ምንጭ

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን፤ ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንቺን መስላለች።

ባለፈው የማጠናው የለንደንን የፍሳሽ ታሪክ መሆኑን ስነግርሽ «ለሰገራ ብለሽ ነው ባሕር የተሻገርሽው?» ብለሽ ስቀሽብኛል። ስልኩ ላይ ያልጨረስኩትን ልጻፍልሽ።

በፈረንጆች 1854 በነሐሴ መጨረሻ ሶሆ በተባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ከ600 በላይ ሰው ፈጀ። አብዛኞቹ ሐኪሞች በሽታውን የሚያመጣው የከረፋ አየር ነው ሲሉ፣ ሐኪሙ ጆን ስኖው ግን ሟቾቹ ውኃ ከየት ይቀዱ እንደነበር ቤት ለቤት እየጠየቀ ነገሩን ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ ላይ ወዳለው የውኃ ፓምፕ አደረሰውና የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ከሟቾቹ አንዷ ግን ርቃ ሃምፕስቴድ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት እናት ነበረች። የብሮድ ስትሪትን ውኃ ጣዕም ስለምትወድ፣ እዚያው ፋብሪካ የነበራቸው ልጆቿ በየቀኑ በጠርሙስ አስሞልተው በጋሪ ይልኩላት ነበር። ይህን ባነበብኩ ቀን ቤቴ እስክደርስ ድረስ እንስራው ከጀርባዬ አልወረደም።

በሕፃኑ ልቅሶ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት «ከታችኛው ምንጭ የቀዳችው እሷ ናት» ያልሽውን ታስታውሺዋለሽ? ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የላይኛው ምንጭ ወረፋ ረጅም ነበር፤ ቶሎ ተመለሽ ያልሽኝም አንቺ ነበርሽ።

የሰፈሩ ቄስ ሄንሪ ዋይትሄድ ስኖውን ሊያስተባብል ተነሥቶ የበሽታውን መነሻ ራሱ አገኘው። በብሮድ ስትሪት ቤት ቁጥር 40 አንዲት ሕፃን ታማ፣ እናቷ የሽንት ጨርቋን አጥባ እጣቢውን ከቤቱ የቆሻሻ ጉድጓድ ደፍታዋለች፤ የጉድጓዱ ግንብ ፈራርሶ ስለነበር ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ወዳለው የፓምፑ ውኃ ሰረገ። ሕፃኗም ሞተች። ያቺ እናት ጥፋተኛ ናት ትያለሽ? እኔስ?

ሹማምንቱ ግን ለባዘልጀት፣ ለመሐንዲሱ፣ ትልቁን የፍሳሽ መስመር እንዲሠራ የፈቀዱለት በ1858 የቴምስ ወንዝ ክርፋት ምክር ቤታቸው ውስጥ ሲገባ ነው። (የድሃ ልጅ ሲሞት አፍንጫቸውን አልያዙም።)

ቦኖው ከተቋረጠ ወዲህ እንደገና የምንጭ ውኃ እንደምትጠጪ ወንድሜ ነግሮኛል። የላክሁት ገንዘብ የማጣሪያ ነው፤ ለዕድር እንዳታደርጊው። እስኪገዛ ድረስም ጣዕሙ ጠፋ ሳትዪ አፍልተሽ ጠጪ።

ለጥምቀት እመጣለሁ። ስለ ታችኛው ምንጭ ያን ጊዜ እናወራለን፤ በስልክ ከሆነ ትስቂብኛለሽ።

ልጅሽ